በካናቢስ ቅባት ውስጥ ተርፒን፦ መጠኑ፣ ትኩስነቱና የእኛ ቆዳ

በምኖርበት በኮሎራዶ ግዛት ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናቢስ ለአዋቂዎች እንዲፈቀድ በድምፁ ከወሰነና በጃንዩወሪ 2014 የመጀመሪያዎቹ ሱቆች ከተከፈቱ ወዲህ፣ ከዚህ ተክል የተሠሩ የቆዳ ቅባቶች ከልዩ ሱቆች አልፈው የፋርማሲውን፣ የስፖርት ዕቃ መደብሩንና የውበት ሳሎኑን መደርደሪያ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የጸደቀው የፌዴራል የእርሻ ሕግ ደግሞ በደረቅ ክብደቱ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ ዘጠኝ ቲኤችሲ (የሚያሰክረው የካናቢስ ውህድ) ያለውን ተክል ሄምፕ ብሎ ለይቶ ከተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር ስላወጣው፣ ሲቢዲ (የማያሰክር ሌላው የካናቢስ ውህድ) ያለባቸው ክሬሞች ካናቢስ ባልተፈቀደባቸው ግዛቶች ጭምር ይሸጡ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ሲቢዲ ነበር፤ ሲቢዲ በየቦታው ሲበዛና ዋጋው ሲወርድ ግን አምራቾች ምርታቸውን ከጎረቤት ምርት የሚለዩበት ሌላ ነገር ፈለጉና ለተክሎች መዓዛ የሚሰጠውን ተርፒንን አነሡ። ዛሬ «በተርፒን የበለጸገ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት የካናቢስ ቅባት ማግኘት ቀላል አይደለም።

እኔ ቅባትና ክሬም በሚዘጋጅበት አነስተኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ በቀማሚነት ስለምሠራ ተርፒን በየጊዜው በእጄ የምመዝነው ነገር ነው። በኦሮራና በዴንቨር አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቼ ስለ እነዚህ ቅባቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የማምንበትን በአንድ ቦታ አሰባስቤ ልጽፈው ወደድሁ። የማምንበትም ይህ ነው፦ ተርፒን በቆዳ ላይ ሥራ የሚሠራ ኬሚካል ስለሆነ፣ ሥራ እንዳለው ማንኛውም ነገር መጠን፣ ትኩስነትና ግልጽ መለያ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሲጓደሉ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ነው።

ተርፒኖች ተክሎች አምስት ካርቦንና ስምንት ሃይድሮጅን ካለው አይሶፕሪን ከሚባል መሠረት እየገጣጠሙ የሚሠሯቸው ውህዶች ናቸው። ሁለት መሠረቶች ሲገጣጠሙ ዐሥር ካርቦን ያላቸውና ቶሎ የሚተኑት ሞኖተርፒኖች ይገኛሉ፤ ሊሞኒን፣ ሚርሲንና ፓይኒን ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ ሊናሉልም ኦክስጅን የጨመረ የእነርሱ ዘመድ ነው። ሦስት መሠረቶች ሲገጣጠሙ ደግሞ ዐሥራ አምስት ካርቦን ያላቸው፣ ከበድ ያሉና ዘግይተው የሚተኑት ሴስኩዊተርፒኖች ይገኛሉ፤ ካርዮፊሊንና ሂዩሙሊን እዚህ ይመደባሉ። በካናቢስ ተክል ላይ እነዚህ የሚመረቱት በሴቴዋ አበባ ላይ በሚበቅሉና ትሪኮም በሚባሉ ጸጉር መሳይ ጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ሲሆን፣ ሲቢዲና ቲኤችሲም የሚሠሩት እዚያው ነው።

ይሁን እንጂ የካናቢስ ብቻ የሆነ ዋና ተርፒን የለም። ሊሞኒን የብርቱካን ልጣጭ ነው፤ ፓይኒን በጥብስ ቅጠልና በጥድ ውስጥ አለ፤ ሊናሉል በላቬንደርና በኮሰረት፣ ሚርሲን በጠጅ ሳርና የካናቢስ የቅርብ ዘመድ በሆነው የቢራ ሆፕ፣ ካርዮፊሊን ደግሞ በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ያ ከሩቅ የሚለየው ሰንፋጭ የካናቢስ ሽታ ራሱ በአብዛኛው ከተርፒን የመጣ አለመሆኑን፣ ይልቁንም በጣም በትንሽ መጠን ከሚገኙ የድኝ ውህዶች የመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ክሬም ደስ የሚል የብርቱካን ወይም የጥድ ሽታ ስላለው ብቻ ከካናቢስ አበባ የወጣ ነገር አለበት ብሎ መደምደም አይቻልም።

በእርግጥም በአብዛኛው አይኖርበትም። ተርፒንን ከካናቢስ አበባ ማውጣት ውድ ነው፤ አበባው ሲደርቅና ሲከማች ቶሎ የሚተኑት ሞኖተርፒኖች አስቀድመው ስለሚጠፉ የሚገኘው ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በቅባት ውስጥ የሚገባው ተርፒን አብዛኛውን ጊዜ ከብርቱካን ልጣጭ፣ ከጥድ ሙጫ፣ ከቅርንፉድ፣ ወይም ካርዮፊሊን ከሞላበት የደቡብ አሜሪካው የኮፓይባ ዛፍ ዘይት ተጣርቶ፣ የአንድን የካናቢስ ዝርያ ሽታ እንዲመስል ተመጣጥኖ የተቀላቀለ ነው። በኬሚስትሪ ዓይን ይህ ነውር የለበትም፤ ከቅርንፉድ የወጣው ካርዮፊሊን ከካናቢስ ከወጣው ጋር አንድ ነው፤ ቆዳም ልዩነቱን አያውቅም። እኔን የሚያሳዝነኝ በመለያው ላይ የዝርያውን ስም በትልቁ ጽፎ የተርፒኑን ምንጭ መደበቅ ነው፤ ገዢው በውስጡ የሌለውን ነገር በሦስት እጥፍ ዋጋ ይገዛልና። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ መደናገርም አለ። ከዘሩ የሚጨመቀው የሄምፕ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ያለው፣ ደረቅ ቆዳን የሚያለሰልስ መልካም ዘይት ነው፤ ነገር ግን ዘሩ ትሪኮም ስለሌለው በዘይቱ ውስጥ የሚጠቀስ ሲቢዲም ተርፒንም የለም። በመለያው ላይ ያለው የካናቢስ ዘር ዘይት ብቻ ከሆነ የገዛችሁት የምግብ ዘይትን የሚመስል ጥሩ ማለስለሻ ነው።

ተርፒኖቹ በቆዳ ላይ ምን ይሠራሉ? ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ካርዮፊሊንን ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የስዊዘርላንድና የጀርመን ተመራማሪዎች ካርዮፊሊን ሲቢ ሁለት በሚባለው፣ በተለይ በበሽታ መከላከያ ሴሎች ላይ በሚገኘው ተቀባይ (ሴል መልእክት በሚቀበልበት በር) ላይ መርጦ እንደሚያርፍ አሳዩ። ለአይጦች በአፍ ሲሰጥም የተነሣባቸውን እብጠት ቀነሰ፤ ይህ ተቀባይ በሌላቸው አይጦች ላይ ግን ምንም አልሠራም፤ ይህም ሥራው በትክክል በዚያ በር የሚያልፍ መሆኑን አረጋገጠ። ቲኤችሲ አእምሮን የሚያደነዝዝበትን ሲቢ አንድ የተባለውን ተቀባይ ስለማይነካ ማንንም አያሰክርም። ከዚያ ወዲህ በአይጦች ቁስል ላይ ተቀብቶ መዳንን እንደሚያፋጥን የሚያሳይ ሥራም ታትሟል። ቢሳቦሎልም የረጅም ጊዜ ታሪክ አለው፤ ከካሞሜል አበባ ወይም ከብራዚሉ የካንዴያ ዛፍ ወጥቶ የተቆጣ ቆዳን ለማብረድ በመዋቢያዎች ውስጥ ለአሠርት ዓመታት ሲያገለግል የኖረ ሲሆን፣ በካናቢስ ውስጥ የሚገኘው መጠን ግን ትንሽ ነው።

ከዚህ አልፎ በማስታወቂያው የሚነገረው «ተርፒኑና ሲቢዲው ተደጋግፈው ይሠራሉ» የሚለው አባባል ግን ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐሳቡ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1998 በእስራኤል ራፋኤል መሹላምና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ሲሆን፣ የሚናገረው ሰውነት ራሱ ስለሚሠራቸው ንጥረ ነገሮች ነበር። በ2011 ኢታን ሩሶ የተባለ የነርቭ ሐኪም ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ወደ ተክሉ ተርፒኖች አሰፋው፤ እርሱም ሊጠና የሚገባው መላ ምት አድርጎ ነበር የጻፈው። በ2019 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ በሴሎች ላይ በተደረገ ሥራ በካናቢስ ውስጥ የተለመዱት ተርፒኖች ቲኤችሲ በሲቢ አንድና በሲቢ ሁለት ተቀባዮች ላይ ያለውን ሥራ ሳይቀይሩ ቀርተዋል። እንግዲህ በሰው ቆዳ ላይ ሲቢዲን ከሊናሉል ጋር መቀባት ሲቢዲን ለብቻው ከመቀባት ይበልጣል ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሻጭ ማስረጃው ከሚፈቅድለት አልፎ እየተናገረ ነው።

አንድ ተርፒን ግን በእውነት ይሠራል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ሌላው ነው እንጂ። በቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው አንዲት እናት ለጉልበታቸው የተሰጣቸውን የሲቢዲ ጄል አውጥተው «ልጄ፣ ይኸው ካናቢሱ ወዲያው ነው የሚያበርድልኝ፤ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?» አሉኝ። የኃጢአቱን ጥያቄ ለአባቶች ትቼ ቱቦውን ገልብጬ አነበብኩላቸው፤ ዋናው ሠራተኛ ንጥረ ነገር ሜንቶል ነበር። ሜንቶል ከናና ወገን ተክሎች የሚገኝ፣ ከተርፒን ቤተሰብ የሆነ አልኮል ነው፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ትሪፕ ኤም ስምንት የሚባለውን የነርቭ ተቀባይ ይቀሰቅሳል፤ ይህ ተቀባይ ደግሞ ብርድን የምናውቅበት ነው። ሁለት ቤተ ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ለየብቻቸው ያገኙት ይህ ተቀባይ፣ ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ግኝቶች አንዱ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ የሕመም ማስታገሻ ቅባቶች ውስጥ ሜንቶልን እስከ 16 በመቶ፣ ካምፎርን እስከ 11 በመቶ ይፈቅዳል። ሲቢዲን ግን ለሕመም የሚቀባ መድኃኒት አድርጎ አላጸደቀም፤ በማርች 2021ም ሲቢዲ የጨመሩ የሕመም ማስታገሻ ቅባቶችን ለሚሸጡ ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል።

በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰማ ቅዝቃዜ እንግዲህ የሜንቶል ነው። ይህን ማወቅ ለኪስም ለደኅንነትም ይጠቅማል፤ ሜንቶል ብቻ ያለው ቅባት በጥቂት ዶላር ይገኛልና። ደግሞም ሜንቶል በተቀባ ቦታ ላይ ጥብቅ ፋሻ ወይም የሚያሞቅ ጨርቅ መጫን አይገባም፤ ይኸው መሥሪያ ቤት በ2012 እንዲህ ያሉ ቅባቶች አልፎ አልፎ ከባድ ቃጠሎ ማድረሳቸውን አስታውቋል። በሕፃናት አፍንጫና ደረት አካባቢ ሜንቶልና ካምፎር መቀባትም ትንፋሻቸውን ሊያውክ ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ።

ቀማሚዎች ተርፒን የሚጨምሩበት ሌላው ምክንያት ሌሎች ነገሮችን ወደ ቆዳ ውስጥ ስለሚያስገባ ነው፤ ይህ ሥራው ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ በጣም ጥቂት ይነገርለታል። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እጅ የማይበልጥ ውፍረት ያለው፣ የሞቱ ሴሎች በስብ ተያይዘው የተደረደሩበት ንጣፍ ነው። ሲቢዲ በሞለኪዩል ክብደቱ ለማለፍ የሚከብድ አልነበረም፤ 314 ገደማ ስለሆነ በተለምዶ የማለፊያ ወሰን ተደርጎ ከሚወሰደው 500 በታች ነው። ሆኖም ስብን እጅግ ስለሚወድ በዚያው የስብ ንጣፍ ውስጥ ይቀራል፤ ውኃ ወዳለበት ወደ ታችኛው ክፍል መውረድ ይከብደዋል። ሊሞኒን፣ ሜንቶልና የባሕር ዛፍ ዋና ተርፒን የሆነው ሲኒኦል በሴሎቹ መካከል ያለውን የስብ አደራደር ስለሚያላሉ፣ መድኃኒትን በቆዳ በኩል ለማስገባት ሲጠኑ ከአሠርት ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል።

ችግሩ የተላላው ንጣፍ ለሲቢዲ ብቻ ተከፍቶ ለሌላው አለመዘጋቱ ነው። በክሬሙ ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል፣ ሽቶው፣ በቆዳው ላይ የነበረው ሌላ ነገር ሁሉ አብሮ ይገባል፤ ውኃ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ይተንና ቆዳው ይደርቃል። ስለዚህ ለጉልበት በሚቀባ ጄል ውስጥ ተገቢ የሆነ የተርፒን መጠን ለፊት ክሬም ተገቢ አይደለም፤ ኤክዚማ ላለበት፣ ገና ለተላጨ ወይም በአሲድና በሬቲኖል ለሳሳ ቆዳ ደግሞ ጭራሹን አለመጨመሩ ይሻላል። እኔ በፊት ላይ በሚቀር ክሬም ውስጥ የተርፒኖች ድምር ከ0.3 በመቶ እንዲያልፍ አልፈቅድም፤ ይህም በመቶ ግራም ክሬም ውስጥ ከአንድ ግራም ሲሶ ያነሰ ማለት ነው፤ ለሰውነት በሚሆነው ከአንድ በመቶ አላልፍም። መጠኑን በጠብታ የሚናገር ቀመር ሳይም አላምነውም፤ ጠብታ እንደ ዘይቱ ውፍረትና እንደ ጠብታ መጣያው ይለያያል፤ የሚታመነው ሚዛን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እርሱም አየር ነው። ሊሞኒንና ሊናሉል ትኩስ ሲሆኑ አለርጂ የማስነሣት ኃይላቸው ደካማ ነው። አየር ሲነካቸው ግን ቀስ በቀስ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐዱ ሃይድሮፐርኦክሳይድ የሚባሉ ውህዶች ይሆናሉ፤ እነዚህም ጠንካራ አለርጂ አስነሺዎች ናቸው። ይህን በዋናነት ያብራሩት በስዊድን ጎተንበርግ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ በኋላ በስድስት አገሮች የቆዳ ክሊኒኮች 2,900 ያህል ታካሚዎች በአየር በተበላሸው ሊሞኒን ሲፈተኑ ከመቶ አምስት ገደማ፣ በተበላሸው ሊናሉል ሲፈተኑ ደግሞ ከመቶ ሰባት ገደማ የሚሆኑት ቆዳቸው ተቆጥቷል። እነዚህ አስቀድመው የቆዳ ችግር ያለባቸው ሰዎች ስለነበሩ ቁጥሩ ለጤነኛው ሕዝብ በቀጥታ አይነገርም፤ ቢሆንም ለአንድ ቀማሚ እንቅልፍ የሚነሣ ቁጥር ነው። አለርጂ እንደ ተራ መቆጥቆጥ ክሬሙን ሲተዉት የሚረሳ አይደለም፤ ሰውነት አንድን ንጥረ ነገር ጠላት ብሎ አንዴ ከለየው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ያስታውሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው ከሳሙናው፣ ከሻምፖውና ከሽቶው ሁሉ ሊሞኒንን ወይም ሊናሉልን ሲሸሽ ይኖራል። ካርዮፊሊንም አየር ቶሎ ይበላዋል፤ ነገር ግን ከብልሽቱ የሚወጣው ነገር ያን ያህል ብዙ ሰው ሲያስቆጣ አልታየም፤ ይህም በቅባቶቼ ውስጥ እርሱን የማስቀድምበት ሌላው ምክንያት ነው።

ጠቆር ላለ ቆዳ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ማንኛውም ቁጣ፣ አለርጂም ሆነ መቆጥቆጥ፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የሚሠሩትን ሴሎቻችንን ይቀሰቅሳል፤ ቁጣው በሳምንት ቢጠፋም በቦታው የቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ነጣ ባለ ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ ስለሚታይ ሰውየው ክሬሙን ቶሎ ይጥለዋል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ ስለሚደበቅ፣ ማሳከኩን ችለን መቀባታችንን እንቀጥላለን። ቆዳ አንድን ምርት መቻሉን የሚፈትኑ ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚመዘኑት በመቅላት መሆኑ ደግሞ ያሳስበኛል፤ የእኛ ቆዳ በዚያ መለኪያ ሲታይ ከደረሰበት ጉዳት ያነሰ ያሳያልና። ምልክቱ ከወጣ በኋላ ብዙ እህቶች እርሱን ለማጥፋት ወደ ማንጫ ክሬም ይሄዳሉ፤ ያ ደግሞ ሌላ መከራ ያመጣል። ለዚህ ነው «ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ቃል ለእኛ ለጥቁሮቹ በተለይ አደገኛ ነው የምለው።

ፀሐይንም ማንሣት ያስፈልጋል። ከቤርጋሞትና ከሎሚ ልጣጭ ሳይጣራ በጭመቅ ብቻ የወጣ ዘይት ከተርፒኑ ጋር ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶችን ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ በቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲመታቸው ቃጠሎና ጥቁር ጠባሳ ያስከትላሉ። ጤና አዳምን በፀሐይ ሲነቅል የዋለ ሰው እጁ ላይ አንዳንዴ የሚያቃጥል ሽፍታ የሚወጣበት በዚሁ ምክንያት ነው። በእንፋሎት ተነጥሮ የወጣ ወይም እነዚህ ውህዶች የተወገዱለት ዘይት ይህ ችግር የለበትም፤ ስለዚህ ተርፒን አቅራቢን መጀመሪያ የምጠይቀው ዘይቱ በምን መንገድ እንደወጣ ነው።

ትኩስነትን የመጠበቅ ሥራ የሚጀምረው ከግዢው ነው። ተርፒን ስገዛ የተመረተበትን ቀንና የፐርኦክሳይዱን ልክ፣ ማለትም በአየር ምን ያህል እንደተበላሸ፣ የሚያሳይ ሰነድ እጠይቃለሁ፤ የአውሮፓ ኅብረት ለመዋቢያ የሚሆን ሊሞኒን በሊትር ከ20 ሚሊሞል ፐርኦክሳይድ በታች እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ይህን መለኪያ የማያውቅ አቅራቢ ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። ጠርሙሱ እንደ ተከፈተ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ቫይታሚን ኢ ወይም ሌላ ኦክስጅንን የሚከላከል ነገር እጨምርበታለሁ፤ ከዚያም በትንንሽ ጥቁር ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞልቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በግማሽ የጎደለ ጠርሙስ ግማሹ አየር ነው፤ ተቆልቶ ክዳኑ ተከፍቶ እንደከረመ ቡና ሽታው ከመጥፋቱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ ይገኛል።

በሙቀትም ጥንቃቄ ያሻል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው፤ ፓይኒን በ155፣ ሊሞኒን በ176 ዲግሪ ይፈላሉ ቢባልም ከዚያ በጣም በታች ሆነው ይተናሉ፤ በቀለጠ ሰም ላይ የተጨመረ ተርፒን ቤቱን አሽትቶ ያልቃል እንጂ በቅባቱ ውስጥ አይቀርም። ስለዚህ ክሬም ከሆነ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በታች ከወረደ በኋላ፣ ጠንካራ ቅባት ከሆነ ደግሞ መርጋት ሊጀምር ሲል ተጨምሮ በፍጥነት ይከደናል።

ቅባቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ራሱ በተርፒን ሊበላ እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ሊሞኒን ፖሊስታይሪን የሚባለውን ፕላስቲክ ያሟሟል፤ ይህ ኃይሉ የነጭ ፎም ቆሻሻን አሟሙቶ መልሶ ለመጠቀም ሳይቀር አገልግሏል። ለስላሳ ፕላስቲክም ተርፒኑን ወደ ራሱ ይመጥጣል፤ የጎማ ጠብታ መጣያም ያብጣል። የመስታወት ብልቃጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ በተከፈተ ቁጥር አየርና ጣት ስለሚገባበት፣ ከውስጥ የተለበጠ የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም አየር የማያስገባ ፓምፕ እመርጣለሁ። ውድ የሆነ የተርፒን ቅባት ሰፊና ግልጽ በሆነ ብልቃጥ ውስጥ በሱቅ መብራት ሥር ተደርድሮ ሳይ፣ የሠራው ሰው ስለ ይዘቱ ከመጨነቅ ይልቅ ስለ መልኩ እንደተጨነቀ ይገባኛል።

ለገዢ ደግሞ መለያው ብዙ ይናገራል፤ ዝም ማለቱም ራሱ አንድ ነገር ይነግራል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ 26 አለርጂ አስነሺ መዓዛዎች፣ ሊሞኒንና ሊናሉልም በውስጣቸው፣ በቆዳ ላይ በሚቀር ምርት ከ0.001 በመቶ፣ በሚታጠብ ምርት ደግሞ ከ0.01 በመቶ ሲበልጡ በስማቸው እንዲጻፉ ታዟል። በ2023 ዝርዝሩ ከ80 በላይ እንዲሆን ተወስኗል፤ ፓይኒን፣ ካርዮፊሊን፣ ሜንቶልና ካምፎር ተጨምረውበታል፤ አዲስ ምርቶች ይህን ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ፣ በገበያ ላይ የነበሩትም በ2028 በዚያው ቀን ማሟላት አለባቸው። በአሜሪካ በ2022 መጨረሻ የወጣው የመዋቢያ ሕግ ተመሳሳይ ዝርዝር እንዲዘጋጅ ያዝዛል፤ እስከዚያው ድረስ አምራቹ «መዓዛ» ወይም «የተርፒን ቅልቅል» በሚል አንድ ቃል ሁሉንም መሸፈን ይችላል። ተርፒኖቹን በስማቸው የዘረዘረ፣ የምርቱን ቀን ያተመና የላብራቶሪ ውጤቱን ያወጣ አምራች ሕግ ሳያስገድደው ገዢውን ያከበረ ነውና ከሌላው አስቀድሙት።

የላብራቶሪ ውጤት ስል በአንድ ጥናት ምክንያት ነው። በ2022 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 105 የሚቀቡ የሲቢዲ ምርቶችን ገዝተው መረመሩ፤ የሲቢዲውን ልክ በመለያቸው ላይ ከጻፉት ውስጥ በትክክል የተገኙት አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከመላው ምርት በ35 በመቶው ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። የተሸጠበት ዋናው ነገር ሲቢዲው እንዲህ ከሆነ፣ ማንም ስለማይመረምረው ስለ ተርፒኑ ልክ የሚጻፈውን በጥርጣሬ ማንበብ ተገቢ ነው።

አዲስ ቅባት ስታገኙ መጀመሪያ በክንዳችሁ የውስጠኛ ክፍል ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ባለው ቦታ፣ ጠዋትና ማታ ለአንድ ሳምንት ቀብታችሁ ተመልከቱ። አለርጂ ቀን ወስዶ የሚመጣ ስለሆነ የአንድ ቀን ሙከራ አይበቃም፤ መቅላትን ብቻ ሳትፈልጉም በጣታችሁ ዳስሱት፤ መሻከር፣ መሞቅ፣ ማሳከክ ወይም ከጎኑ ጠቆር ማለት ካለ ተዉት። የተከፈተ ቅባት ሽታው ከተለወጠ፣ ወይም ከአንድ ዓመት ካለፈው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን ፊት ላይ አይቀባ።

በመጨረሻ በበዓል ሰሞን የሚመጣብኝን ጥያቄ ላንሣ፤ ለእናት ወደ አዲስ አበባ፣ ለእህት ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሪያድ ይህን ቅባት መላክ ይቻላል ወይ ይሉኛል። አይቻልም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ካናቢስን ጨምሮ አደንዛዥ ዕፆችን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀም ያስቀጣል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሕጉ ጥብቅ ነው። መለያው «ቲኤችሲ የለበትም» ቢልም ከላይ እንደጠቀስኩት ሊገኝበት ይችላል፤ መዘዙም የሚወድቀው በላከው ላይ ሳይሆን በተቀበለችው እናት ወይም በሰው ቤት ሠርታ በምታድረው እህት ላይ ነው። ለጉልበትና ለወገብ የሚሆን ነገር ለመላክ ካሰባችሁ ሲቢዲም ሄምፕም ያልተጻፈበት፣ የሜንቶሉ መጠን በመቶኛ የተገለጸ ተራ የፋርማሲ ጄል ግዙ፤ እናታችሁ የሚሰማቸው ቅዝቃዜም ያው ይሆናል።